የውሃ ገንዳው ኳስ ሜዳ ላይ ወረደ

ጥያቄውን የካርታ ሠሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ በዚህ ክር ውስጥ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር በተደረደሩት ምላሾች፣ መጀመሪያ የሚወቀሰውም እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሱሉልታ አካባቢ ላለ የውሃ መስመር ካርታ እንድሠራ ከአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ተላከልኝ። በቴሌግራም ነው የመጣው። ቧንቧው፣ ቫልቮቹ፣ ማጠራቀሚያ ገንዳው፣ ሁሉም የካርታ መረጃ በሚቀመጥበት በሼፕፋይል። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ከፈትኩት፤ ከሥሩ የሳተላይት ምስል አነጠፍኩ። ገንዳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኮረብታ አናት ላይ፣ ባሕር ዛፍ መሃል ነው ያለው። ካርታው ላይ ግን ከኮረብታው ወርዶ ኳስ ሜዳ መሃል ቁጭ ብሏል። ቧንቧውም መንገዱን ትቶ በሰው ጓሮ፣ በሰው ሳሎን ያልፋል።

ቁጥሮቹ በየትኛው የመለኪያ ሥርዓት እንደተጻፉ የሚናገረው ፒአርጄ ፋይል አለ። ሶፍትዌሩም አላጉረመረመም። ታዲያ ምን ነክቶት ነው ብዬ ጠየቅሁ። በዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ባልጨምር ይሻለኝ ነበር። ሥራው ስለቸኮለብኝ ሁሉንም መርጬ በማውስ ጎትቼ ገንዳውን ኮረብታው ላይ እንዳወጣሁት፣ ሴቭም እንዳደረግሁት ጻፍኩ። ዋናው ጥያቄዬ ሁለተኛው ፋይል ሲመጣ ለምን እንደገና ተንሸራተተ የሚል ነበር።

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀደመና ፒአርጄውን በኖትፓድ ከፍቼ ውስጡ ያለውን እንድለጥፍ ጠየቀኝ። ያ የምፈራው ፋይል ተራ ጽሑፍ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። የፕሮጀክሽኑ ስም፣ ዳተሙ (ልኬቱ የሚነሳበት ማጣቀሻ)፣ የኤሊፕሶይዱ (ለስሌት የተያዘው የምድር ቅርጽ) ሁለት ቁጥሮች፣ የዞኑ መካከለኛ መስመር፣ መለኪያው ሜትር ይሁን ዲግሪ፣ ሁሉም በቅንፍ በቅንፍ ተደርድሯል። ሼፕፋይል አንድ ፋይል እንዳልሆነም አስታወሰኝ። ኤስኤችፒ፣ ኤስኤችኤክስና ዲቢኤፍ አብረው መምጣት አለባቸው። ፒአርጄ ቢቀር ይከፈታል፤ ግን የት እንዳለ አያውቅም። ኪውጂአይኤስ ሌየሩ (የካርታው ንብርብር) አጠገብ የጥያቄ ምልክት የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ወደፊት ፋይል ስቀበል ሁሉንም ባንድ ዚፕ አድርጉልኝ ብዬ እንድለምን መከረኝ። እሺ አልኩ።

2ኛው አንድ መስመር ነው። ሌየሩን ኢፒኤስጂ 32637 በለው፣ አለቀ ደቀቀ። ኢፒኤስጂ ለየመለኪያ ሥርዓቱ የተሰጠ መለያ ቁጥር ነው፤ 32637 ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የተወደደው ምላሽ ይሄ ነበር። ለእኔ ፋይል የማይሠራውም እሱ ነበር።

3ኛዋ መንገድ ዲዛይን ላይ የምትሠራ ናት። እሷ የ2ኛውን ምላሽ በትሕትና ነው የነካችው። ፋይሉ ምናልባት አሁንም 32637 ነኝ እያለ ይሆናል፤ በሽታውም እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል አለች። ማለትም ቁጥሮቹ የድሮ ካርታዎቻችን ዳተም የሆነው የአዲንዳን ሆነው፣ ስሙ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የደብሊውጂኤስ 84 ነው። ከዚያ ማንም ያላዘዘኝን ነገር አዘዘችኝ። ገንዳው ካለበት እስከሚገባው ቦታ ድረስ እንድለካ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ወደየት እንደሆነም ለይቼ እንድጽፍ። አቅጣጫውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ አልወድም ብላ ዘጋች።

4ኛው አልራራልኝም። በማውስ ጎትቼ ሴቭ ማድረጌን ጠቅሶ ኦሪጅናሉ የት አለ ብሎ ጠየቀ። የለኝም። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ፋይል ለሦስተኛ ሰው ሲልክ፣ ሦስተኛውም እንደገና ሲጎትተው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ገንዳው የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይኖርም አለ። ቃሉ ሻካራ ነው። ውሸት ግን የለበትም።

5ኛው ምላሽ የክሩን ድምፅ ቀየረው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ቀያሽ ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ ጋሼ ነው ያላቸው። አዲንዳን የሶፍትዌር ቃል ሳይሆን የቦታ ስም መሆኑን ነገሩን። ደቡብ ግብፅ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ የኑቢያ ቦታ ነው፤ የልኬቱ መነሻ ነጥብ እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካኖች ጋር በተደረገው የዓባይ ተፋሰስ ልኬት መረቡ ወደ እኛ ዘለቀ። አንዳንዶች ብሉ ናይል 1958 የሚሉት ይህንኑ ነው። ግድግዳ ላይ የምናያቸው ባለ 1፡50,000 የድሮ ሉሆች በሱ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ኅዳጉ ላይ የአዲንዳን ኤሊፕሶይድ ስም የሆነውን ክላርክ 1880 የሚል ጽሑፍ እንፈልግ ዘንድ አሉ። ጂፒኤስ ከመምጣቱ በፊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነጥብ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያደክምም ትንሽ አጫወቱን። ስለ በቅሎና ስለ ድንኳን የጻፉት ከርዕሱ ውጪ ነው፤ አንድም ሰው ግን አላቋረጣቸውም።

6ኛው የእኔ ነው። ለካሁ። ገንዳው ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው የሸሸው። ወደ ቦታው ለመመለስ ወደ ምሥራቅ 90 ከምናምን፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ከምናምን ሜትር መጓዝ አለበት። በቀጥታ 225 ሜትር ግድም ይሆናል። ፒአርጄውንም ለጠፍኩ። እንደተባለው ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካው ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ይላል፤ የኤሊፕሶይዱ ቁጥር 6378137። 3ኛዋ ወዲያው የደስታ ምልክት ሰጠችበት። ሐኪም የፈለገውን ራጅ ሲያይ የሚያደርገውን ዓይነት።

ከዚህ በኋላ ነው ጭቅጭቁ የተነሳው።

7ኛው አርክማፕ የሚባለውን ሌላ የካርታ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ነው። እሱም የአዲንዳን ፋይል አለው፣ የእሱም ተንሸራቷል። ግን 225 ሳይሆን 150 ሜትር ነው። ስለዚህ የ3ኛዋ ወሬ መሠረት የለውም አለ። 8ኛው ደገፈው። እሱም 150 ነበር ያገኘው። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ፤ አንድ ዳተም ሁለት ዓይነት ሽሽት ሊኖረው አይችልማ።

ሊኖረው ይችላል። 9ኛው ምላሽ ራሷ 3ኛዋ ናት። ለዚህ ክር ብቻ ብዬ የማስቀምጠው ጽሑፍ ቢኖር ይሄ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የታመሙት ግን በተለያየ በሽታ ነው አለች።

በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። በአዲንዳንና በደብሊውጂኤስ 84 መካከል ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛው የመነሻው ፈቀቅታ ነው፤ የምድር መሃል ብለው የያዙት ነጥብ አንድ አይደለም። ሁለተኛው የቅርጹ ልዩነት ነው። ክላርክ 1880 ምድርን ትንሽ ገፋ አድርጎ ነው የሚያያት፤ የምድር ወገብ ራዲየሷን 6378249.145 ሜትር ይላል። ከምድር ወገብ ተነስተን አዲስ አበባ አካባቢ እስክንደርስ ድረስ ይህ የቅርጽ ልዩነት ብቻውን የሰሜኑን ቁጥር በ90 ሜትር ያህል ያዛባዋል። የመነሻው ፈቀቅታ ደግሞ ወደ ሰሜን 117፣ ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ ይጨምራል።

እንግዲህ ስሙ የተሳሳተ ፋይል ሁለቱንም ስሕተት ይሸከማል። ሰሜኑ 207 ይሆናል፣ ድምሩ 225 እና ከዚያ በላይ። የእኔ ይሄ ነው። ስሙ ትክክል የሆነ ፋይል ግን ሶፍትዌሩ ቅርጹን ያውቅለታል። ከአንዱ ዳተም ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዳተም ትራንስፎርሜሽን ካልተመረጠለት የሚዘለው መነሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ 150 ሜትር ላይ ይቆማል። የ7ኛውና የ8ኛው ይሄ ነው። አርክማፕ ሌየሩን ሲጨምሩ የማስጠንቀቂያ መስኮት ያወጣል፤ ሰው ሁሉ ክሎዝ ብሎ ያልፈዋል።

የሽሽቱንም ቅርጽ እንድናይ ነገረችን። ሰሜኑ ከምሥራቁ እጥፍ በላይ ከሆነ ስሙን ጠርጥሩ። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ትራንስፎርሜሽኑን ጠርጥሩ። 7ኛው ተመልሶ ለካ፤ 95 ለ117። ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ መድረክ ይቅርታ ሲጠየቅ ያየሁት ያኔ ነው።

10ኛው ግን ነገሩን ሁሉ እንደ አላስፈላጊ ፍልስፍና አየው። እሱ የአዲንዳን ፋይል ሲመጣለት ሴት ሌየር ሲአርኤስ (የሌየሩ የመለኪያ ሥርዓት መምረጫ) ውስጥ ገብቶ ደብሊውጂኤስ 84 ብሎ ይቀይረዋል፤ ለዓመታት እንዲህ ሠርቷል፤ ማንም አልጠየቀውም። 11ኛው ማለትም ያ ሻካራው 4ኛ ይሄን ሲያነብ ደሙ ፈላ። የበርበሬ ጣሳ ላይ ሽሮ ብለህ ብትጽፍበት ሽሮ አይሆንም አለው። ስም መስጠት ሌላ፣ መለወጥ ሌላ ነው። አርክጂአይኤስ (አርክማፕ ያለበት ጥቅል) ላይ ዲፋይን ፕሮጀክሽን የሚባለው ስም ይለጥፋል፤ ቁጥሮቹን የሚለውጠው ፕሮጀክት የሚባለው መሣሪያ ነው። ኪውጂአይኤስ ላይ ደግሞ ኤክስፖርት አድርጎ አዲስ ሲአርኤስ መምረጥ ወይም ሪፕሮጀክት ሌየር። በዚያ ላይ ዓመታት የሠራኸው ሥራ ሁሉ 225 ሜትር ተንሸራቷል ማለት ነው ብሎ ጨመረበት። 10ኛው ምላሽ አልሰጠም። አስተዳዳሪው ገብቶ ልጆች ረጋ በሉ አለ። በቁጥር አልገባም እንጂ 12ኛው እሱ ነው።

13ኛው ማረጋጊያ ይዞ መጣ። ስሕተቶቹ የት የት አገር እንደሚያደርሱ የጻፈ ሰው ነው፤ ክሩን ለማንበብ የመጣ ሰው እሱን ብቻ ቢያነብ አይጎዳም። ከአዲስ አበባ የተወሰደ በዲግሪ የተጻፈ ነጥብ፣ 38 ነጥብ ምናምን፣ 9 ነጥብ ምናምን፣ በስሕተት ዩቲኤም 37 ቢባል ምዕራብ ኬንያ ምድር ወገብ ላይ፣ ማሴኖ አካባቢ ይወድቃል። ሶፍትዌሩ 38ቱን ዲግሪ 38 ሜትር ብሎ ነዋ የሚያነበው። በዩቲኤም 37 በሜትር የተጻፈውን ደግሞ ዞን 36 ብትለው ደቡብ ሱዳን ይገባል። 38 ብትለው ጅግጅጋን አልፎ ሶማሌላንድ። የሱ ዘዴ እንግዲህ ፋይሉ ባልሆነ ቦታ ሲታይ መደናገጥ ሳይሆን የት እንደወደቀ ማየት ነው። ኬንያ ካየህ ዲግሪ ነው፤ ደቡብ ሱዳን ካየህ ዞን ነው።

14ኛው ሳቅ ነበር። የኢፒኤስጂ ቁጥሩን ሲጽፍ በ32637 ፈንታ 32737 ብሎ መታ። አንድ አኃዝ። ያ ዞን 37 ደቡብ ነው። የአራት ወር ሥራው አንታርክቲካ በረዶ ላይ ተገኘ። አለቃው መጥቶ ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር ሲያይ ፋይሉ አልተጫነም እንዴ አለው፤ አይ ጌታዬ፣ በረዶ ነው።

15ኛዋ ይህን ተከትላ ሐረርና ድሬዳዋን አነሳች። በመኪና አንድ ሰዓት የሚርቁ ከተሞች ናቸው፤ ግን የዞን 37 እና የዞን 38 ድንበር የሆነው የ42 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር መሃላቸው ያልፋል። ድሬዳዋ ዞን 37 ላይ ቀርታለች፤ ሐረር ዞን 38 ገብታለች። ሁለቱን ባንድ ፋይል የሚይዝ ፕሮጀክት ላይ የትኛውን ዞን እንምረጥ በሚል ሁለት ቀን ስብሰባ እንደተቀመጡ አጫወተችን። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በ37 አደረጉት። ጥቂት መዛባት ይኖራል፤ ስብሰባው ግን አለቀ።

16ኛው ከቨርጂኒያ ነው የጻፈው። አንድ የካውንቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካርታ ይሠራል። እዚያ ችግሩ ፉት ነው። የአሜሪካ ሰርቬይ ፉትና ዓለም አቀፉ ፉት በሚሊዮን ሁለት ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ከንቱ ይመስላል። ግን የሰሜን ቨርጂኒያ የኮኦርዲኔት መነሻ 11 ሚሊዮን ፉት አልፏል። በሚሊዮን ሁለት ሲባዛ 23 ፉት፣ ሰባት ሜትር ይሆናል። ፒአርጄው ውስጥ የመለኪያው ስም በአንድ ቃል ስለተሳሳተ ብቻ አጥር ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባል። አሜሪካ ይሄን ሰርቬይ ፉት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በይፋ አሰናብታዋለች፤ ፋይሎቹ ግን አልተሰናበቱም።

17ኛው እኛ ስለ አዲንዳን እያወራን የአሜሪካ ፉት ምን ያደርግልናል አለ። ይሄ እንኳ አላስፈላጊ ነበር። 18ኛው መልሶ፣ አውቶካድ ላይ በሚሊሜትር የተሳለ ንድፍ ደርሶህ አያውቅም ወይ ብሎ ጠየቀው። ያም በመለኪያው ስም የተነሳ ሺህ ጊዜ ተባዝቶ ይመጣል። የአውቶካዱ ዲደብሊውጂ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒአርጄ የሚባል ነገር አብሮት አይመጣም። 17ኛው ዝም አለ። ቀጥሎ የመጡት ጥቂት ምላሾች ስለ አርክማፕ ክራክ ነበሩ። እነሱን ልዝለል።

22ኛው የራሱን ችግር ይዞ ዘው አለ፤ በሥርዓቱ አዲስ ክር መክፈት ነበረበት። ኪውጂአይኤስ ሲከፍት የመለኪያ ሥርዓቶች ዝርዝር ያለበትን ፕሮጅ ዲቢ የሚባለውን ፋይል አላገኘሁም ወይም ያረጀ ነው የሚል ስሕተት ይመጣበታል። አንድም ሲአርኤስ አይለይም፤ ሁሉም ሌየር የጥያቄ ምልክት። ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጭኗል። 23ኛው በቅርቡ ፖስትጂአይኤስ የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ጭነሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ። እንግዲያው ጥፋተኛው ኪውጂአይኤስ አይደለም። ሌላው ፕሮግራም ሲጫን ፕሮጅ ሊብ የሚባል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ዊንዶውሱ ላይ ተክሎ፣ ሁሉም ፕሮግራም የሱን አሮጌ ዳታቤዝ እንዲያነብ አድርጎታል። የዊንዶውስ ሲስተም ቅንብር ውስጥ ገብቶ ያን መስመር ማጥፋት ወይም ወደ ትክክለኛው ፎልደር ማዞር ይበቃል። ጥፋተኛው ቫሪያብሉ እንደሆነ ካወቁ በኋላ ቀላል ነው፤ እስኪያውቁት ግን ሦስት ጊዜ ያስጭናል። ሰውየው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብቻ ብሎ ጻፈ።

እኔም በዚህ መሃል ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ፋይል አበላሽቼዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን እጄ አልነካውም። ሴት ሌየር ሲአርኤስ ገባሁና 20137 አልኩት፤ አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን። ኪውጂአይኤስ ትራንስፎርሜሽን ምረጥ አለኝ፤ የኢትዮጵያ የሚለውን መረጥኩ። ቫልቮቹ ከሰው ሳሎን ወጥተው መንገድ ዳር ተሰለፉ። ደስታዬን በ24ኛው ምላሽ አበሰርኩ።

በ25ኛው ኀዘኔን። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ቫልቮቹ ሳሎን ተመልሰዋል።

26ኛው ይሄን ገላገለኝ። ሴት ሌየር ሲአርኤስ የሚጽፈው ፕሮጀክቱ ውስጥ እንጂ ፒአርጄው ላይ አይደለም። ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም 32637 ነው የሚለው። ጽሑፉን ራሱን ለመቀየር ዲፋይን ሼፕፋይል ፕሮጀክሽን የሚባል መሣሪያ አለ። ወይም ከዚህ የሚሻለው፣ ትክክለኛውን ስም ከሰጡ በኋላ ኤክስፖርት አድርጎ በ32637 አዲስ ፋይል ማውጣት፤ ያኔ ስሙም ቁጥሩም ይስማማሉ። ኪውፒጄ የሚባል አሮጌ ፋይል አጠገቡ ካለም እንድሰርዘው ነገረኝ። የድሮው ኪውጂአይኤስ 2 ይጽፈው ነበር፤ ካገኘው ፒአርጄውን ትቶ እሱን ያነባል። አየሁ። አለ። የት እንደኖረ አላውቅም፤ ሰረዝኩት።

27ኛው በጂፒኤስ ነገር ነው። በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤስ አዲንዳን ላይ አድርጎ ሜዳ የወጣ ሰው ነው። ደብተሩ ላይ የጻፈው ቁጥርና ከመሣሪያው ያወረደው ጂፒኤክስ የሚባለው ፋይል አልገጥም ብለውት ጂፒኤሱን ተበላሽቷል ብሎ ለሱቅ መልሷል። ጂፒኤክስ ሁልጊዜ ደብሊውጂኤስ 84 በዲግሪ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ብቻ ነው የተለወጠው። ሱቁም ደህና ነው ብሎ መልሶለታል። የሚያስቀው ሁለቱም ወገን ትክክል መሆናቸው ነው።

28ኛው ከርዕስ ወጣ፤ ግን ወድጄዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሰሜን ቁጥር (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በሜትር) በአብዛኛው ባለ ስድስት አኃዝ ነው፣ 990 ሺህ ምናምን። ሱሉልታ ባለ ሰባት ነው፣ ሚሊዮን አልፏል። የሚሊዮኑ መስመር የሚያልፈው ከስድስት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ነው። የሱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ኤክሴሉን ስታጸዳ የደቡቡ ነጥቦች አንድ አኃዝ የጎደላቸው መስሏት በቅንነት መጨረሻቸው ላይ ዜሮ ጨመረችላቸው። የውሃ ጉድጓዶቹ ቱርክን አልፈው ጥቁር ባሕርን ተሻግረው ሄዱ። 29ኛዋ ልጅቱ ጥፋት የለባትም፣ የሚሊዮን መስመር ከተማ መሃል እንደሚያልፍ ማን ነገራት ብላ ተከራከረች። እውነት ነው።

30ኛው ምላሽ ሳቁን አቆመው። ሰውየው ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ይካሰሳል። የድሮ የይዞታ ማረጋገጫው ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት እንዴት ቀይሮ ጎግል ላይ እንደሚያይ ጠየቀ፤ አጥሩ አንድ ሜትር ከግማሽ ገብቶብኛል ይላል። ከ3ኛዋ ሌላ አራት ሰው ቁጥሩን ቀይሮ ሊልክለት ተሽቀዳደመ።

ጋሼ በ35ኛው ተመለሱ። ይህን ጊዜ ስለ በቅሎ አላወሩም። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ትራንስፎርሜሽን በሦስቱ አቅጣጫዎች በሜትር ሲቀነስ 165፣ ሲቀነስ 11፣ ሲደመር 206 ነው። ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የተሰጠው ደግሞ ሲቀነስ 166፣ ሲቀነስ 15፣ ሲደመር 204። ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ ተደርድረዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ትተህ ሌላውን ብትመርጥ ግን አጥርህ ሦስት ሜትር ያህል ይሄዳል። የምትካሰሰው በአንድ ሜትር ከግማሽ ነው። ይሄን ዳኛ ፊት ይዘህ ብትቀርብ የጎረቤትህ ጠበቃ ሌላውን መስመር ይመርጥና አጥሩን በተቃራኒው ያስኬደዋል። ሶፍትዌር ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለጥናት ይሆናል። ለወሰን ቀያሽ ጠርተህ ከመሬት ላይ ካለ የታወቀ ነጥብ ተነስተህ አስለካ አሉት። ልጄ ብለው ነው የጻፉለት፤ ግን ቁጣ ነበረበት።

ሰውየው ቀያሽ ስንት ያስከፍላል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ክሩ ለአንድ ገጽ ያህል ስለ ክፍያ ሆነ።

10ኛው በ44ኛው ብቅ አለ። ማንንም አልጠቀሰም። ኤክስፖርት ሲያደርግ ትራንስፎርሜሽን ምረጥ የሚለው መስኮት ለምን እንደማይወጣለት ብቻ ጠየቀ። 11ኛው ነው የመለሰለት፤ ሴቲንግ ውስጥ የት ገብቶ እንደሚያበራው ደረጃ በደረጃ፣ አንድም የሽሙጥ ቃል ሳይጨምር።

እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ፋይል ዕዳ ቀረብኝ። ጎትቼ ያበላሸሁት ገንዳና ቧንቧ ኦሪጅናሉ ያስፈልገኛል። በዓይን ግምት ያስቀመጥኩትን በሂሳብ መመለስ አይቻልም፤ የሳተላይት ምስሉ ራሱ ጥቂት ሜትር ሊዛነፍ ይችላላ። ለመሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ያነጋገረኝ ልጅ ትሑት ነው። ፒአርጄው ላይ ስሕተት እንዳለ ነገርኩት፤ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ከሱ በፊት የነበረው ሰው ነው ያዘጋጀው። ሁሉንም ፋይል ባንድ ዚፕ አድርገህ ላክልኝ፣ አራቱንም፣ ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። እሺ፣ ችግር የለም አለ።

ማታ ቴሌግራሜ ጮኸ። ከፈትኩት። አንድ ፋይል ነው፤ ኤስኤችፒ ብቻ። ከሥሩ የእጅ ሰላምታ ምልክት አለበት።